ሴል ቀድሞ ይያያዛል ወይስ ቀድሞ ዕጣው ይለያል?

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ እመረቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማስተማር ነው የምገባው። አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ስብሰለሰል ነው የሰነበትኩት።

ፅንስ የሚጀምረው ከአንድ ሴል ነው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ሁሉም የያዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። በኋላ ግን አንዱ የዓይን፣ አንዱ የቆዳ፣ አንዱ የጉበት ሴል ሆኖ ይገኛል። የሚለያያቸው በየሴሉ የትኛው ጂን በርቶ የትኛው እንደጠፋ ነው። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ያልገባኝ ከዚህ በፊት ያለው ነው። የትኛውን ማብራት እንዳለበት ለሴሉ ማን ነገረው?

በትምህርታችን የሴሎች መያያዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። የሴሎች ዕጣ መለየት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሴል ምን እንደሚሆን የሚወሰንበት፣ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። አንብበናቸው ስናበቃ የሚገናኙበት ቦታ አይታይም። እኔ ግን የሆነ ቦታ የሚገናኙ ይመስለኛል። ሴሉ መጀመሪያ ዕጣው ተለይቶ ነው ከመሰሎቹ ጋር የሚያያዘው? ወይስ የት ቦታ፣ ከማን ጋር እንደተያያዘ ታይቶ ነው ዕጣው የሚለየው?

ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ይህንኑ እንደሚጠይቀኝ አልጠራጠርም። ለፈተና የሚሆን መልስ አልፈልግም። የሚገባ መልስ ነው የምፈልገው።


እንሳሮ፦

ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። ዕጣውን የሚወስነው ጂን ነው። መያያዝ ሰውነት እንዳይበታተን ነው። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስላላቸው ነው በሁለት ምዕራፍ የተከፈሉት።


መምህር ከመሐል ሜዳ፦

የጠባሴ ልጅ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች የደከሙበት ጥያቄ ነው። ወንድማችን እንሳሮ እንዳለው በአጭሩ የሚዘጋ አይመስለኝም።

በ1907 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ኤች. ቪ. ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ስፖንጅ ላይ ሙከራ አደረገ። ስፖንጅ ሲያዩት ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ዊልሰን ስፖንጁን ጥቅጥቅ ባለ የሐር ጨርቅ አድርጎ ጨመቀው። በወዲያኛው በኩል የወጡት የተበታተኑ ሴሎች ነበሩ። ሴሎቹ በውሃው ውስጥ ተንፏቀው ተገናኙ፤ ተያያዙ። ቆይተውም እንደገና ሙሉ ስፖንጅ ሆኑ። ከውጭ የመራቸው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በ1955 ታውንስ እና ሆልትፍሬተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ ፅንስ ተሻገሩ። የእንቁራሪትና የሳላማንደር ዘመዶችን ፅንስ ወሰዱ። ፅንሱን አልካላይን የሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲያስገቡት ሴሎቹ ተላቀቁ። ቆዳ ሊሆኑ የተዘጋጁትንና ነርቭ ሊሆኑ የተዘጋጁትን ሴሎች ቀላቀሏቸው። በቀለምና በመጠን ስለሚለያዩ የትኛው የት እንደሚሄድ በማይክሮስኮፕ መከታተል ይቻላል። ፈሳሹ ወደ ተስማሚው ሲመለስ ሁሉም ተያይዘው አንድ ድብልቅ ሆኑ። ድብልቁ ግን እንዲያ ሆኖ አልቀረም። የቆዳዎቹ ወደ ውጭ ወጡ፤ የነርቮቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ጡንቻና አጥንት የሚሆኑት ሲጨመሩ ደግሞ በመሃል ገብተው ተቀመጡ። በተፈጥሮ ሰውነት ውስጥ የሚይዙትን ቦታ ነው ተበትነውም መልሰው የያዙት! ይህን ሙከራ ለተማሪ በተናገርኩ ቁጥር ራሴም እደነቃለሁ።

በ1960ዎቹ ማልኮልም ስታይንበርግ ለዚህ ማብራሪያ ሰጠ። ዘይትና ውሃ በአንድ ብልቃጥ አናውጠህ ብታስቀምጥ ማንም ሳይለያቸው ይለያያሉ። ሴሎችም በመያያዝ ጉልበታቸው ልዩነት ብቻ እንዲሁ ሊለያዩ ይችላሉ አለ። እርስ በርስ ጠንክረው የሚያያዙት መሃሉን ይይዛሉ፤ ላላ የሚሉት ይከቧቸዋል።

ያን ጊዜ የሚያያይዛቸው ነገር ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። በጃፓን ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1977 ሴሎች የሚያያዙበት አንደኛው መንገድ ካልሲየም ካልኖረ እንደማይሠራ አሳየ። ፕሮቲኑ በኋላ ካድሄሪን ተባለ። ካድሄሪን አንድ ጫፉ ከሴሉ ውጭ ነው፤ ሌላው ጫፉ ውስጥ ካለው የሴሉ አጽም ጋር ታስሯል። የውጭው ጫፍ የጎረቤቱን ካድሄሪን ይይዛል። ካልሲየም ከሌለ ቅርጹን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ይለቃል። ዓይነቱም ብዙ ነው። ቆዳና የውስጥ ሽፋኖች ላይ ኢ-ካድሄሪን፣ ነርቭ ላይ ኤን-ካድሄሪን ይበዛል። በአብዛኛው መሰል ከመሰሉ ጋር ነው የሚያያዘው።

በ1994 ስታይንበርግና ታኬይቺ አብረው አንድ ሥራ አወጡ። ሴሎቹ በሌላው ሁሉ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የካድሄሪናቸው መጠን ብቻ ነው። ሲቀላቀሉ ብዙ ያላቸው መሃል ገቡ፤ ጥቂት ያላቸው ዙሪያውን ያዙ።


እንሳሮ፦

መምህር፣ በጣም ጥሩ ትምህርት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እስካሁን የተናገሩት ሁሉ የእኔን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስለኛል። በ1955ቱ ሙከራ የቆዳዎቹ ሴሎች ሲበተኑ ቀድሞውኑ ቆዳ ለመሆን የተለዩ ናቸው። ዕጣቸው ታውቋል። ዕጣቸው ስለታወቀ የራሳቸውን ካድሄሪን አወጡ፤ በዚያም ቦታቸውን አገኙ። እንግዲያው ዕጣ ቀደመ፤ መያያዝ ተከተለ። ልጁ የጠየቀው ግን የተገላቢጦሹ አለ ወይ ነው። መያያዙ ራሱ ዕጣ የሚለይበት አንድ ቦታ ያሳዩን።


ከደብረ ሲና (አሁን አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ እንሳሮ፣ ትክክለኛውን ቦታ ነው የነካኸው። እንዲያ ያለ ቦታ አለ። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ከፅንስ ጋር ስለሆነ በደንብ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የአይጥ ፅንስ ስምንት ሴል ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ስምንቱም ክብ ክብ ናቸው። የእያንዳንዱ ድንበር ለብቻው ይታያል። ሰዓታት ሲያልፉ ሴሎቹ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ይጣበቃሉ፤ ድንበራቸው ይደበዝዛል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት አንድ ለስላሳ ድቡልቡል ነገር ነው። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ኢ-ካድሄሪን ነው። ካልሲየም የሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ብታስገቡት እንደገና ይላላል፤ ስምንቱም ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ። ካልሲየሙን ስትመልሱለት መልሰው ይጣበቃሉ። የሰው ፅንስም እንዲሁ ይጣበቃል፤ ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ቀን። የሦስተኛ ቀን ፅንስ ለዘር ምርመራ አንድ ሴል ሲወሰድበት ካልሲየምና ማግኒዚየም የሌለበት ፈሳሽ የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው። ሴሉ ሳይጎዳ ይላቀቃል።

ከተጣበቁ በኋላ ሴሎቹ መከፋፈላቸውን ይቀጥላሉ። አሁን ግን አዲስ ነገር መጥቷል። አንዳንዱ ሴል ውጭ ይቀራል፤ አንዳንዱ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በፊት ውስጥ የሚባል ነገር አልነበረም። መያያዝ ነው ውስጥና ውጭን የፈጠረው።

አሁን ዕጣቸውን ተመልከቱ። ውጭ ያሉት እንግዴ ልጁን የሚሠሩት ናቸው። ውስጥ ያሉት ልጁን ራሱን ይሠራሉ። በፅንስ ሕይወት የመጀመሪያው የዕጣ መለያየት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ታርኮውስኪ እና ቭሩብሌቭስካ የሚባሉ ፖላንዳውያን ተመራማሪዎች ዕጣውን የሚወስነው ቦታው ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1972 ደግሞ ሌሎች ፈተኑት። ገና ያልተለየ ፅንስ ወስደው በሌሎች ፅንሶች ውጫዊ ፊት ላይ አስቀመጡት፤ ሴሎቹ ወደ እንግዴ ልጅ አዘነበሉ። ሌላውን በፅንሶች ሸፍነው መሃል አደረጉት፤ ይኸኛው ልጁን በሚሠራው ክፍል ገባ። ሴሎቹ ምንም የተለየ ነገር ይዘው አልመጡም። የተለየው ያሉበት ቦታ ነው።


የጠባሴ ልጅ፦

እህቴ፣ ይህን በየትም እንዲህ ተብራርቶ አላገኘሁትም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሴሉ ውጭ መሆኑን በምን ያውቃል? ዓይን የለው። ቦታው ወደ ጂኑ የሚደርስበት መንገድ መኖር አለበት።


ከደብረ ሲና፦

አለ። የሚያስደስተኝም ይኸው ክፍል ነው፤ ትንሽ ስም ስለሚበዛበት ቀስ ብለህ አንብበው።

ውስጥ ያለ ሴል በሁሉም ጎኑ ጎረቤት አለው። ዙሪያውን በካድሄሪን ተይዟል። ውጭ ያለ ሴል ግን አንዱ ፊቱ ከማንም ጋር አይገናኝም፤ ነፃ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነፃ ፊት ነው።

አንጂዮሞቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ውስጥ ባለው ሴል ውስጥ ኢ-ካድሄሪን ባለበት መያያዣ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ተቀምጦ ሂፖ የሚባለውን የመልእክት መስመር ያነሳሳል። የመስመሩ ሥራ ያፕ የተባለውን ፕሮቲን ከኒውክለስ፣ ማለትም ጂኖቹ ካሉበት የሴሉ ክፍል፣ ውጭ ማስቀረት ነው። ያፕ ካልገባ የእንግዴ ልጅ ጂኖች አይበሩም።

ውጭ ባለው ሴል ደግሞ አንጂዮሞቲን ከመያያዣው ርቆ ወደ ነፃው ፊት ይሳባል። መስመሩ ይዳከማል። ያፕ ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ ቲድ4 ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ሆኖ ሲዲኤክስ2 የሚባለውን ጂን ያበራል። ሲዲኤክስ2 ከበራ መንገዱ ወደ እንግዴ ልጅ ነው። ዓይን ባይኖረውም ማን እንደያዘውና የትኛው ጎኑ እንዳልተያዘ ያውቃል።

ኢ-ካድሄሪን ቢጠፋስ ምን ይሆናል? በ2010 በአይጥ ላይ ታይቷል። ኢ-ካድሄሪን በሌላቸው ፅንሶች ከሚገባው በላይ ብዙ ሴሎች ወደ እንግዴ ልጅ መንገድ ሄዱ። መያያዙ ሲጠፋ ሴሉ ውጭ እንዳለ ይቆጥራል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ ጠንካራው ማስረጃ ነው።


ዶሮ አርቢ ከባሶና ወራና፦

እኔ ሳይንሱን እንደ እናንተ አላውቅም። ግን እንቁላል በማሽን ስለማስፈለፍል ነገሩ ይመለከተኛል። ጋሼ መምህር፣ ዶሮዋ እንቁላሉን ስትጥል ጫጩቱ ገና አንድ ሴል ነው? እኛ ጋ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እንቁላል ሰብስቤ ማሽን እስኪሞላ ድረስ አቆያለሁ፤ አይበላሽም። ያ ሁሉ ጊዜ ሴሎቹ ምን እያደረጉ ነው?


መምህር ከመሐል ሜዳ፦

እመቤቴ፣ አንድ ሴል አይደለም። እንቁላሉ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ ሲከፋፈል ቆይቶ ሲጣል አስኳሉ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉ። አስኳሉ ላይ የምታዪያት ነጣ ያለች ክብ ነጥብ እሷ ናት። ሲቀዘቅዝ ዕድገቱ ይቆማል፤ ሴሎቹ ግን አይሞቱም። ለዚህ ነው መጠነኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማቆየት የሚቻለው። ሲበዛ ግን መፈልፈሉ ይቀንሳል።

ወደ 37.5 ዲግሪ ሙቀት ስታስገቢው ሥራው ይቀጥላል። በመጀመሪያው ቀን ውስጥ በነጥቧ መካከል አንድ መስመር ይወጣል። ከሽፋኑ ላይ ያሉ ሴሎች ወደዚህ መስመር ይጎርፋሉ፤ በመስመሩ በኩል ወደ ውስጥ ይጠልቃሉ። ጠልቀው የገቡት ጡንቻ፣ አጥንት፣ ልብ፣ ደም፣ አንጀት ይሆናሉ። ላይ የቀሩት ቆዳና ነርቭ ይሆናሉ። ጫጩት የሚባለው አካል የሚጀምረው እዚህ ነው።

የጠባሴ ልጅ፣ ይህን ነገር ከጥያቄህ ጋር አያይዘው። ሽፋን ላይ ተሰልፎ የተያያዘ ሴል ወደ ውስጥ ለመግባት ጎረቤቱን መልቀቅ አለበት። በአይጥ እንደታየው ስኔይል የሚባል ፕሮቲን ይነሳና የኢ-ካድሄሪንን ጂን ያጠፋል። ሴሉ ይላቀቃል፤ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ የዕጣው መልእክት ቀድሞ መያያዙን አስለቀቀ። የተላቀቀው ሴል ደግሞ ሄዶ አዲስ ጎረቤት ያገኛል፤ አዲሱ ጎረቤት ሌላ መልእክት ይሰጠዋል። ስለዚህ እህታችን ያለችውም እንሳሮ ያለውም በየጊዜያቸው ይሆናሉ።

የጎረቤት ነገር ከተነሳ የሂልዴ ማንጎልድን ሥራ ማለፍ አልችልም። ጀርመናዊት ተማሪ ነበረች፤ የሐንስ ሽፔማን። ከአንድ የሳላማንደር ዘመድ ፅንስ ትንሽ ቁራጭ ወስዳ በሌላ ፅንስ ሆድ በኩል ተከለች። በዚያ በኩል ሁለተኛ አካል ወጣ፤ ጀርባና ነርቭ ያለው። ሁለቱ ፅንሶች በቀለም ስለሚለያዩ አዲሱ ነርቭ በአብዛኛው ከተተከለው ቁራጭ እንዳልመጣ ታወቀ። የሆድ ቆዳ ሊሆኑ የነበሩት የባለቤቱ ሴሎች ናቸው በአዲሱ ጎረቤት ምክንያት ነርቭ የሆኑት። ሥራው በ1924 ታተመ። እሷ በዚያው ዓመት በቃጠሎ አደጋ ሞተች። ሽፔማን በ1935 ኖቤል ሲሸለም እሷ በሕይወት አልነበረችም። ስሟን ለተማሪዎችህ ንገራቸው።


ነርስ ከሸዋሮቢት፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ውይይት የሚመለከተው ተማሪን ብቻ አይደለም።

መምህር ያሉት የላይኛው ሽፋን በኋላ በመሃሉ በኩል ይወፍርና ይጎደጉዳል። ሁለቱ ጠርዞች ይነሳሉ፤ ተጠጋግተው ይገጥማሉ። ቱቦ ይሆናል። ቱቦው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጣበት ነው። በዚህ ጊዜ ቱቦውን የሚሠሩት ሴሎች ኢ-ካድሄሪናቸውን ትተው ኤን-ካድሄሪን ያወጣሉ። በላይ ያለው ቆዳ በኢ-ካድሄሪኑ ይቀጥላል። ስለዚህ ቱቦው ከቆዳው ተላቅቆ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቆዳው ከላዩ ይዘጋል። የሰው ፅንስ ላይ ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከፅንሰቱ ጀምሮ በ28 ቀን ገደማ ነው።

ቱቦው ሳይገጥም ቢቀርስ? ታች ላይ ከሆነ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍት ሆኖ ይወለዳል። ላይ ከሆነ አንጎሉ ሳይሠራ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ልጅ በሕይወት አይቆይም። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ዘር አለበት፣ የእናቲቱ ስኳር ሕመም አለበት፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለበት። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ማነሱ ግን በትልቁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶችን ነበር የተከታተለው። በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚሰጠውን ፎሌት) የወሰዱት ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። ለሌሎች ሴቶች የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። የ4 ሚሊግራሙ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

ልቤን የሚያቃጥለኝ ቀኑ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙ እናት ለመጀመሪያ ክትትል የምትመጣው ሦስት አራት ወር ከሞላት በኋላ ነው። ክኒኑን እንሰጣታለን፤ ለደሟም ይጠቅማታል። ቱቦው ግን ያኔ ወይ ገጥሟል ወይ ሳይገጥም ቀርቷል። መጀመር ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነው። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ፎሌት አለው። ግን ሲቀቀል ብዙው ይጠፋል፤ ምግብ ብቻውን በቂ ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ደግሞ አንዲት እናት እንዲህ ያለ ልጅ ስትወልድ ኃጢአት ነው፣ እርግማን ነው እያሉ የሚያስለቅሷት አሉ። እባካችሁ ይህን ያነበባችሁ ንገሩላት። ገና ማርገዟን ሳታውቅ ያለፈ ነገር ነው።


የመንዝ በግ፦

ሲስተር፣ ስለ እርግማን ያነሱት ነገር እኛም ቤት አለ፤ በበጎች ላይ። አንድ ዓይን ብቻ ግንባሩ ላይ ያለው ግልገል የተወለደ ጊዜ አገሩ ሁሉ ክፉ ምልክት ነው ብሎ ነበር። መምህር፣ ይህስ ከሴል መያያዝ ጋር ይገናኛል? እግረ መንገዴን ደግሞ፣ ቦቃ በግ ግንባሩ ላይ ብቻ የሚነጣው ለምንድን ነው?


መምህር ከመሐል ሜዳ፦

ከቦቃው ልጀምር። ሲስተር ያሉት ቱቦ ሲገጥም፣ ከመግጠሚያው ጠርዝ ላይ አንዳንድ ሴሎች ከሁለቱም ወገን ይላቀቃሉ። መያያዛቸውን ይለቁና ሰውነቱን አቋርጠው ይጓዛሉ። ከእነሱ የፊት አጥንት፣ የአንጀት ነርቮች፣ የፀጉርና የቆዳ ቀለም ሰጪ ሴሎች ይወጣሉ። ቀለም ሰጪዎቹ ከጀርባ ተነስተው ነው ወደ ሆድ፣ ወደ እግር ጫፍና ወደ ግንባር መሃል የሚደርሱት። በቂ ሴል ያልደረሰበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቦቃ ግንባር፣ ነጭ ሆድ፣ ነጭ ሰኮና አካባቢ የሚበዛው ከመነሻው ስለሚርቅ ነው። ፈረንሳዊቷ ኒኮል ለ ዱዋረን የድርጭት ሴሎችን ጫጩት ፅንስ ውስጥ ተክላ የእነዚህን ሴሎች ጉዞ ተከትላለች። የድርጭት ሴል ኒውክለሱ የተለየ ስለሆነ የት እንደደረሰ ይታያል።

ባለ አንድ ዓይኑ ግልገል ግን ሌላ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ አይዳሆ በግ አርቢዎች እንዲህ ያሉ ግልገሎች በዙባቸው። ተመራማሪዎች በጎቹ የሚግጡት አንድ የዚያ አገር ተክል መሆኑን ደረሱበት። እናቲቱ በእርግዝናዋ 14ኛ ቀን ላይ ከበላችው ግልገሉ አንድ ዓይን ይሆናል። በተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለውን መልእክት ይዘጋል። ያ መልእክት ከመሃል ተነስቶ የዓይኑን ቦታ ለሁለት የሚከፍል ነው። ስለዚህ ሴል ዕጣውን የሚያውቀው በያዘው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ራቅ ካለ ቦታ በሚፈልቅ መልእክትም ነው። ተክሉ የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ነው። እኛ ጋ የተወለደውን ግልገል በዚያ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ የዘር ለውጥም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ክፉ ምልክት ግን አይደለም።


እንሳሮ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለእህታችን። ዕጣው አንዴ ከተለየ በኋላስ? ወደ ኋላ ይመለሳል? የተመለሰ እንደሆነ መያያዙም አብሮ ይመለሳል?


ከደብረ ሲና፦

ይመለሳል፤ በራሱ ግን እምብዛም ነው። በ1962 ጆን ገርደን ካደገ የእንቁራሪት እጭ አንጀት ኒውክለስ ወስዶ፣ የራሱ ኒውክለስ በጨረር በጠፋ የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ አስገባው። ዋናተኛ እጭ ወጣ። የአንጀት ሴል መሆኑ ዲኤንኤውን አላጎደለውም ማለት ነው። በ2006 ሺንያ ያማናካ የአይጥ የቆዳ ሴሎች ውስጥ አራት ጂን ብቻ አስገብቶ ወደ ፅንስ ሴል መሰል ሁኔታ መለሳቸው። ሁለቱም በ2012 ኖቤል ተሸለሙ።

የጠየቅከው ሁለተኛው ክፍል በ2010 ተመልሷል። ያማናካ የተጠቀመባቸው ዓይነት ሴሎች ላላ ብለው ለየብቻ የሚኖሩ ናቸው። ወደ ኋላ ሲመለሱ መጀመሪያ ከሚታዩት ለውጦች አንዱ ኢ-ካድሄሪን መልሰው አውጥተው እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። ይህን ካገድከው መመለሱም ይሰናከላል።

መጥፎው ገጽታ ካንሰር ነው። መምህር ያነሱት ስኔይል ፅንስ ውስጥ ጠቃሚ ሥራውን ጨርሶ ይተኛል። በአንዳንድ ዕጢዎች እንደገና ይነሳል። ኢ-ካድሄሪን ይቀንሳል፤ ሴሉ ከጎረቤቱ ይላቀቃል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይሄዳል። በ1998 በኒውዚላንድ በአንድ የማኦሪ ቤተሰብ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የጨጓራ ካንሰር ከየት እንደመጣ ተደረሰበት። የኢ-ካድሄሪን ጂን ላይ ጉድለት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ ሰው ቀድሞ ይመረመራል።


የጠባሴ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የምመደብበት ትምህርት ቤት ጥሩ ማይክሮስኮፕ ባይኖረውስ? ለተማሪዎቼ በዓይናቸው የማሳያቸው ነገር አለ?


መምህር ከመሐል ሜዳ፦

እንቁላል አለልህ። አውራ ካለበት ቤት መሆን አለበት፤ ለገበያ ብቻ የሚጥሉ፣ አውራ የሌላቸው ዶሮዎች እንቁላል አይሆንም። ከባሶና ወራና ያለችው እህታችን ማሽን ውስጥ ታስገባልሃለች። ሙቀቱ 37.5 አካባቢ፣ ጊዜው 72 ሰዓት።

አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው አሟሟ። ውሃው ለብ ያለ፣ 38 ዲግሪ ያህል ይሁን። በደብረ ብርሃን ብርድ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሳህኑን ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሌላ ሳህን ውስጥ አስቀምጠው፤ ከቀዘቀዘ የልቡ ምት ይዘገያል። እንቁላሉን በጎኑ አጋድመህ ለጥቂት ደቂቃ ተወው፤ ፅንሱ ወደ ላይ ይመጣል። ከዚያ ውሃው ውስጥ እንዳለ ከታች በኩል ሰንጥቀህ ቀስ አድርገህ ክፈተው። በዚህ ዕድሜ ሕመም የሚሰማበት የነርቭ ሥርዓት ገና አልተሠራለትም፤ ልጆች ስለሚጠይቁ ቀድመህ ንገራቸው።

አስኳሉ ላይ የደም ሥሮች ተዘርግተው፣ መሃል ላይ ልቡ ሲመታ በባዶ ዓይን ያያሉ። የእጅ ማጉያ መነጽር ካለህ የዓይኑንም ቦታ ያገኙታል። ሰኞ ጠዋት ካስገባህ ሐሙስ ጠዋት ክፍለ ጊዜህ ላይ ይደርስልሃል። አንዳንዱ ዘር ያልያዘ ሊሆን ስለሚችል ከአምስት አታሳንስ።